የአሮጌው ስልክ ነጭ

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ መሪጌታና አንዲት ነርስ ከፊቴ ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«መሪጌታ፣ አዲስ ስልክ እያለዎት አሮጌውን ሊያሠሩ ሞጣ ድረስ?»

«ባትሪው ደክሞብኝ ነው። አዲሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ የኔ ልጅ።»

«ብርሃኑን ቀንሰው ሞክረዋል?»

«ቀንሼዋለሁ። የስክሪኑ ነጭ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የአሮጌው እንደ ብራና ነው። እስቲ ጎን ለጎን ያዣቸው።»

«እውነትም ይለያያሉ!»

«ሰዉ ሁሉ እርጅና ነው ይለኛል። በአሮጌው ግን ቀኑን ሙሉ ባነብ ምንም አይለኝ።»

«አዲሱን የላከልዎ ልጅዎ አይከፋውም?»

«ይከፋው ይሆናል። ከስልክ እያየሁ በእጄ የምገለብጠውን መጽሐፍ ሳልጨርስ ግን ዓይኔን አላጣም። ዛሬውኑ ደውዬ እነግረዋለሁ።»

እኔ ለአባቴ ገዝቼለት እስካሁን ከካርቶኑ ያላወጣውን ስልክ አሰብሁ።