የተጠረገ ጓሮ

ቅዳሜ ጠዋት አቶ መሸሻ አንድ ጆንያ ደረቅ ቅጠል ተሸክመው ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ከጎረቤታቸው ከባለሱቁ ከሸፊ ልጅ ከሪሐና ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠሙ።

ጆንያው አዲስ ነገር አይደለም። አቶ መሸሻ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ጓሯቸውን እያስጠረጉ የሁለቱን ብሳናዎች ቅጠል፣ የጎመኑን ግንድና የማድ ቤቱን ልጣጭ ገደል ሲሰዱ ኖረዋል። በዚያ የቀጨኔ ሰፈር ንጹሕ ጓሮ ከተባለ የእሳቸው ነው። መርፌ ቢወድቅ ይገኝበታል ይላል ሰው። እውነት ነው፣ መርፌ ይገኝበታል፤ ጎመን ግን ከጠፋበት ሦስት ዓመቱ ነው። ድሮ እስከ ግንቦት ይዘልቅ የነበረው የጉድጓድ ውሃ፣ አሁን ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያልቅና ባልዲው ጭቃ ብቻ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሰውየው ቆርጠዋል። ከአባታቸው የወረሱት፣ ለአዲሱ ገበያ ጎመንና ቆስጣ ሲያቀርብ የኖረው ጓሮ ሰኞ ሊሾ ሊደረግ ነው። ዘርዓብሩክ የሚባል ሰው ሚኒባሶቹን ሊያሳድርበት ተስማምቷል፤ አሸዋውንም በር ላይ አራግፏል።

"እንደምን አደሩ ጋሼ? ጆንያውን ይስጡኝ፣ ልሸከምልዎት።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ተይው ልጄ፣ ቆሻሻ ነው፤ ልብስሽን ያበላሽብሻል።"

"ወንዝ ልጥለው እኮ አይደለም። ለእኛ ጓሮ ፈልጌው ነው።"

አቶ መሸሻ ጆንያውን መሬት ላይ አስቀምጠው ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ሪሐና ስለ አፈር አራት ዓመት ተምራ ከተመረቀች ዓመት አልፏታል፤ ሥራ ግን እስካሁን አላገኘችም።

"አራት ዓመት የተማርሽው ቅጠል ለመልቀም ነው?" አሉ።

"ቢሆንስ ምን ነውር አለው ጋሼ? እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሲጥሉት አልነበር?" ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ወደ አሸዋው ክምር ዞር ብላ ፊቷን አጠቆረች። "እውነት ሰኞ ሊሾ ሊያደርጉት ነው?"

"ምን ላድርግ? መሬቱ ሞቷል። ማዳበሪያ ገዝቼ በተንሁበት፣ ምንም የለም። ውሃውንም ከላይ ሰፈር ጥልቅ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩት ባለፎቆች ጨረሱት።"

"እሱስ እውነት ነው። እነሱን እኔም እርስዎም አናስቆማቸውም። ግን ጋሼ፣ ክረምት እዚሁ ጓሮዎ ላይ የሚወርደው ዝናብ የት ይሄዳል?"

"የት ይሄዳል! ወደ ወንዝ ነዋ።"

"ለምን ወደ መሬት አይገባም?"

አቶ መሸሻ መልስ የሌለው ትልቅ ሰው እንደሚያደርገው ተቆጡ።

"ስሚ ልጄ፣ አባቴም እንዲህ ነበር የሚያስጠርገው። ጓሮ ካልተጠረገ አይጥ ይገባዋል፣ እባብ ይገባዋል። ቆሻሻ መሀል የበቀለ ጎመንስ ማን አፉ ያደርገዋል? ንጽሕና ክብር ነው!"

"የቤትዎን ወለል ይጥረጉ ጋሼ፣ ክብር ነው። አፈር ግን ወለል አይደለም። ራቁቱን ሲሆን ፀሐይ እርጥበቱን ትጨርሰዋለች፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ላይ ላዩን እያጠበ ለሙን አፈር፣ ያንን በውድ የገዙትንም ማዳበሪያ፣ ይዞት ይወርዳል። የቀረውም ይጠጥራል። ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ በመጥረጊያ ሊሾ ካደረጉት ቆይተዋል። የሰኞው ሲሚንቶ ለይስሙላ ነው።"

እንዲህ ዓይነት ንግግር ከሰፈር ልጅ አፍ መስማት ለአቶ መሸሻ ከበዳቸው። እሷም ደፍራ እንደተናገረች ገብቷት አንገቷን ደፋች። አንድ ነገር ግን ይከነክናቸው ነበር፤ የሸፊ ጓሮ ከእሳቸው ጋር በአንድ አጥር የሚለያይ፣ አንድ ዓይነት መሬት ሆኖ ሳለ በመጋቢት ፀሐይ ለምለም ነው።

"አባትሽ እኮ የቧንቧ ውሃ ስለሚያጠጣው ነው" አሉ፤ ሲያምኑት የኖሩት ይህንኑ ነበር።

"ወላሂ አያጠጣውም። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው፣ ለመጠጥም አይበቃን። የእኛን ጓሮ ያለማው የእርስዎ ቅጠል ነው።"

"የእኔ ቅጠል?"

"እትዬ የዓለምወርቅ ነበሩ በአጥር የሚያቀብሉን። ገና ትንሽ ልጅ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ። 'ጀዊሪያ፣ ጋሼሽ ሳያይ ተቀበይኝ' ይሏት ነበር እናቴን። እንዴት እንደሚነጠፍ፣ ከልጣጩና ከአመዱ ጋር እንዴት እንደሚከመር ያሳዩንም እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ስሙን ነው የነገረኝ፤ ነገሩን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ካረፉ ወዲህ የሚያቀብለን ጠፋ። ለዚህ ነው ዛሬ መንገድ ላይ የለመንኩዎት።"

ሚስታቸው የዓለምወርቅ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አቶ መሸሻ እዚያው መንገድ ላይ ቆመው አንድ ቀን ትዝ አላቸው። የመድኃኔዓለም ማኅበር እሳቸው ቤት የተበላበት ቀን ነው። እንግዶቹ ተሰብስበው ሳለ ሽንት ቤቱ ጀርባ የቅጠልና የልጣጭ ክምር አይተው፣ "ቤቴን የቆሻሻ ገንዳ አደረግሽው!" ብለው በማኅበርተኞቹ ፊት ጮኹባት። "ለአፈሩ ብዬ ነው፣ ይጠቅመዋል" ብትል "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የመሬት አዋቂ የሆንሽው?" አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ክምሩን በጆንያ ሞልታ ወንዝ ስትወስድ ነጠላዋ ጭቃ ነክቶት እንደነበር እንኳ ያስታውሳሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ወገቧ እስኪጎብጥ በቀን ሁለቴ ስትጠርግ፣ ንጹሕ ጓሮ ተብለው የተመሰገኑት ግን እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለውን ቆርቆሮ አንስተው ያውቃሉ?" አለች ሪሐና ቀስ ብላ።

"ምን አለበት እሱ? ዕቃ ነው።"

"ይሂዱና ይዩት።"

አብረው ገቡ። አቶ መሸሻ መጀመሪያ ጓሮው መሀል ዶማ ሰነዘሩ፤ ዶማው እጃቸውን አንዝሮ ተመለሰ፤ ብን ብሎ የተነሣው አቧራ ብቻ ነበር። ከዚያ ሄደው ቆርቆሮውን ገለበጡት። ከሥሩ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ጥቁር አፈር ነበር። በእጃቸው ዘገኑት። በዚያ ድርቅ ውስጥ እርጥብ ነው፣ ዝናብ ዝናብ ይሸታል፣ የምድር ትል ይርመሰመስበታል። ጎኑ ላይ በምስማር የተበሳሳ የቲማቲም ጣሳ ተቀምጧል፤ ሚስታቸው ውሃ ታርከፈክፍበት የነበረ ነው። የዓለምወርቅ ክምሩን ትታው አታውቅም ነበር። ከገዛ ባሏ ደብቃ፣ በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ ስትሠራ ኖራለች።

አቶ መሸሻ አፈሩን እንደ ጨበጡ ቁጢጥ አሉ። "ሠላሳ ዓመት!" አሉ። "ይህን ሁሉ ዘመን ልሰማት ሳልፈልግ ቀርቼ ነው እንጂ ነግራኛለች።" አለቀሱ። ሪሐና ወጥታ ጆንያውን ከመንገድ አመጣችው።

የዚያኑ ዕለት ለዘርዓብሩክ ደውለው "ሰኞ እንዳትመጣ" አሉት። ዘርዓብሩክ በቃላቸው ያልቆሙ ሰው መሆናቸውን በሰፊው ነግሯቸው፣ አሸዋውን እየተሳደበ ጭኖ ወሰደ። ስድቡን ሁሉ ጠጡት።

አንባቢ ሆይ፣ የሆነውን በአጭሩ ልንገርህ። ሪሐና ባሳየቻቸው መሠረት ተዳፋቱን አግድም እየቆረጡ ቦይ አወጡ፤ የብሳናውን ቅጠል አፈሩ ላይ አነጠፉት፤ ልጣጩንና አመዱን ከመሩት። አይጥ እንዳይለምደው ክምሩን በአፈር ይሸፍኑታል፤ የተባለው እባብም አልመጣም። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ እንደ ድሮው እየጋለበ ወንዝ አልወረደም፤ እዚያው ሰረገ። ማዳበሪያ መግዛት ቀረ። በጥር ጎመን ደረሰ። ጉድጓዱ እንደ ጥንቱ ሞልቷል ብዬ አልዋሽህም፤ ባለፎቆቹ አሁንም ይቆፍራሉ። ነገር ግን መጋቢት ላይ ባልዲው ከጭቃ ይልቅ ውሃ ይዞ ወጣ፣ ቅጠል የለበሰው አፈርም በትንሽ ውሃ ሳምንት ይቆያል። የተፈጥሮ ሀብት አለቀ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ፣ መጀመሪያ ምን ጠርጎ እንደሚጥል ቢያይ መልካም ነው።

መጋቢት ሃያ ሰባት ቀን ማኅበሩ እንደገና እሳቸው ቤት ሆነ። እነዚያው ሰዎች መጡ፤ ጎመኑን በልተው "የት ተማርከው?" ብለው ጠየቋቸው። አቶ መሸሻ ብድግ አሉ።

"ከሚስቴ ነው። በእናንተ ፊት ነው ያዋረድኳት፤ ስለዚህ በእናንተው ፊት ልናገር። ትክክል ነበረች፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ "ነፍሷን ይማር" አለና ቀጠለ። "እንዲህ ጥፋቱን የሚያምን ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ትሑት ሰው ነህ መሸሻ!" ሌሎቹም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ። መርቀዋቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እስር ጎመን ይዘው ሄዱ። ስለ የዓለምወርቅ ሌላ ቃል የተናገረ አልነበረም።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ አቶ መሸሻ የጠላውን አተላ በባልዲ ይዘው ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዱ። ቆርቆሮውን አንስተው ክምሩ ላይ ደፉት።

"የዓለሜ፣ ነገርኳቸው" አሉ። "ያመሰገኑት ግን እኔን ነው።"