አራሽ ሮያል ሲሆን

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 2004 ዓ.ም.፣ የሐምሌ ወር ነበር። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ከዳኑብ ወንዝም ነፋስ አልነሳም።

በዛርዛሎቮ መንደር አረቄ ማውጫ ቤት የመዳቡ ጋን ከጠዋት ጀምሮ ይፈላል። አረቄ የማውጣት ተራው የቫርባን ነው። አፕሪኮቱን አምጥቶ፣ እንጨቱን ደርድሮ፣ ከጋኑ ጠባቂ ከሽማግሌው ከባይ ሚንቾ ጎን ተቀምጧል። ቫርባን ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል አቋርጦ ማረሻ የጨበጠ ገበሬ ነው። በወትሮው ቀኑን ሙሉ ከእሱ አፍ የሚወጣው ቃል አንድ እፍኝ አይሞላም።

ከጋኑ ወዲያ ማዶ፣ ነጭ ሱሪው እንዳይቆሽሽ አግዳሚው ላይ መሐረብ አንጥፎ የተቀመጠው የገዛ ልጁ ነው፤ የመንደሩ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዝደንት። ባለፈው ሳምንት ክለቡን ከአንድ የከተማ ቡድን ጋር አዋህዶ፣ ስሙን ለውጦ፣ ጨዋታውን ወደ ከተማ አዛውሯል። ዛሬ የመጣው ሊለምን ነው። በዛርዛሎቮ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሲጀመር፣ ነገሩ እንደ ውሃ እንዲፈስላቸው ተብሎ ከተጫዋቾቹ እግር ፊት ከመዳብ ባልዲ ውሃ ይፈሳል። የሚያፈሰው ሜዳውን የሰጠው ቤተሰብ ነው፤ ድሮ የቫርባን አባት፣ አሁን ቫርባን። ልጁ «አባዬ፣ እሁድ ከተማ መጥተህ አፍስስልን፤ ቴሌቪዥን ይመጣል» ብሎታል። ቫርባን ካፈሰሰ መንደሩ መረቀ ማለት ነው። ካላፈሰሰ ደግሞ አልመረቀም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

ቫርባን ግን ፊቱን ወደ ባይ ሚንቾ አዞረ።

«አፕሪኮቱ ዘንድሮ ጥሩ ነው አይደል፣ ባይ ሚንቾ? ፍሬው ትንሽ ነው፣ ግን ይጣፍጣል። ዝናብ ሲጠፋ ስኳሩ ይጠነክራል። ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? በርበሬውስ ደረሰላችሁ? ... እሰይ።

«አሃ፣ መጀመሪያ የወጣውን ደፋኸው። ደግ አደረግህ። ሲያዩት ያበራል፣ ሲያሸቱት ራስ ያዞራል፣ ከሁሉ ቀድሞም ይወጣል... ሰው የሚያሳውረው ግን እሱ ነው። የሚጠጣው ኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ስለ አረቄ እኮ ነው የማወራው። ሌላ ስለ ምን አወራለሁ?

«ለመሆኑ አዲሱን የክለባችንን ስም ሰማህ? ሮያል 2004። እንዴት ያለ ስም ነው! በአፍ ውስጥ እንደ ከረሜላ ይንከባለላል። እኛማ ደንቆሮዎች ነን፤ ሰባ ሰባት ዓመት ሙሉ አራሽ ስንለው ኖርን። ለምን ቢሉ፣ የሚጫወቱት አራሾች ስለነበሩ። እንዲህ ያለ ድንቁርና አይተህ ታውቃለህ? በ1927 የተወለደው ሽማግሌ ዘንድሮ እንደ አዲስ ተወለደ። እኔንም በዚያው ወረቀት ላይ ቢያስገቡኝ ምን ነበረበት? ይኼ ወገቤ ይድንልኝ ነበር...

«አባቴም ቢሆን ሞኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። የሐብሐብ ማሳውን ለኳስ ሰጠ፤ በበሬ ደለደለው። ሴቶቹ ከዱቄት ጆንያ ማሊያ ሰፍተው በዋልነት ፍሬ ልጣጭ ነከሩት፣ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቡናማ ነን። ጭቃ የማያስደነግጠው ቀለም። አሁን ግን ነጭና ወርቃማ ሆነናል አሉ። ያምራል። ነጭ የለበሰ ሰው ጥቅሙ እኮ፣ ወደ ጭቃው እንደማይጠጋ ከሩቅ ይታወቃል።

«ስማችንን ለመቀየር ደግሞ የዘንድሮው የመጀመሪያ እንዳይመስልህ። ያንን የፓርቲ ሰው ታስታውሰዋለህ? በ1950 የመጣው፣ ባለ ቆዳ ካፖርቱ። ‹አራሽ ኋላ ቀር ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ቀይ መዶሻ ናችሁ› አለን። በመንደሩ መዶሻ የነበረው አንጥረኛው ብቻ ነበር፣ እሱም ሞቷል፤ እኛም አራሽ ማለታችንን አልተውንም። ግን እውነቱን እንናገር፣ ያ ሰውዬ ሰብስቦን እጅ አስወጥቶናል። ወገቡ ላይ ሽጉጥ ነበረው፣ እጃችንን አወጣን። ቢሆንም ጠየቀን። አሁን ዲሞክራሲ ነው። ሽጉጥም የለ፣ መጠየቅም የለ። እድገት ይሉሃል ይኼ ነው!

«ወንዙ የሞላ ጊዜስ? በረኛው ከጎሉ ውስጥ አሳ በእጁ አወጣ እኮ። ሳቅን። ውሃው ሲጎድል ደለሉን በአካፋ ጠረግነው፣ ሚስትህ ነፍሰ ጡር ሆና እንኳ ባልዲ ተሸክማለች። ወንዝ እንኳ ሜዳችንን ወሰደና መለሰልን... ወንዝ ነዋ። ከየት ይማራል?

«አንዳንዱ ግን ተምሯል፣ እግዜር ይመስገን። እኛ ሜዳ መስሎን ነበር፣ ለካ ‹መሠረተ ልማት› ኖሯል። እኛ ጨዋታ መስሎን፣ ለካ ‹ፕሮጀክት› ነው። ባለፈው በሬዲዮ ሲናገር ሰማሁት። አንደበቱ! ሲጨርስ ምን እንዳለ አልገባኝም፣ ግን አጨበጨብሁ። ለብቻዬ፣ በረት ውስጥ። ላሚቷ ዘወር ብላ አየችኝ።

«እውነቴን ነው፣ አደንቀዋለሁ። ሌላው ሰው ከቤት ሲወጣ ልብሱን ይዞ ይሄዳል። እሱ ቤቱን ይዞ ሄደ። ይኼ ተሰጥኦ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

«ሁለተኛ ዲቪዚዮን የገባንበትን ቀን ታስታውሳለህ? ጋንቾ፣ የወተት መኪናው ሹፌር፣ በመጨረሻው ደቂቃ በግንባሩ ሲያገባት? ሰው ሁሉ አጥር ዘሎ ገባ። አንድ ሕፃን ትከሻዬ ላይ ነበር። ሁለት እጁን ጸጉሬ ውስጥ ከቶ፣ ‹አባዬ፣ ካደግሁ ከዚህ ሜዳ አልወጣም› አለኝ። አለቀሰም። የማን ልጅ ነበር ግን? ... ጠፋኝ። ፊቱ ትዝ ይለኛል፣ የማን እንደነበር ግን ጠፋኝ። እርጅና ክፉ ነው፣ ባይ ሚንቾ።

«አሁን ደግሞ ውሃ ይፍሰስልን አሉ። ለቴሌቪዥን። ከተማው ቧንቧ የለውም እንዴ? ወይስ የገበሬ እጅ ከሩቅ ሲታይ ያምራል? ይምጣ ይበሉኝ እንግዲህ፣ ባርኔጣም ያድርጉልኝ። ሲያበቃ ከወንበሮቹ ጋር አጥፈው ያስቀምጡኝ።

«አይ፣ አልራገምም። ለምን እራገማለሁ? መልካም ብቻ ነው የምመኝለት። እግዜር ዕድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው። ወንድ ልጅም ይስጠው፤ መልከ መልካም፣ የተማረ፣ አንደበተ ርቱዕ። ያ ልጅ አባቱን፣ ይኼ ሰው ክለባችንን በወደደው ልክ ይውደደው። አባቱ ሲሸመግልም ልጁ ጎኑ ቁጭ ብሎ፣ እጁን ይዞ፣ ‹አባዬ አታስብ፣ ቤትህን ወደ ተሻለ ቦታ ወስጄዋለሁ› ይበለው... አሜን በል እንጂ፣ ባይ ሚንቾ።»

ባይ ሚንቾ እሳቱን ቆሰቆሰ። ማዶ የተቀመጠው ልጅ መሐረቡን ከአግዳሚው አንስቶ አንዴ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው።

ቫርባን ብድግ አለ። ከግድግዳው ላይ የመዳቡን ባልዲ አውርዶ የአረቄው ቱቦ ከሚቀዘቅዝበት በርሜል ውሃ ሞልቶ ቀዳ። ልጁ ባልዲውን ሲያይ ፊቱ ፈካ፤ «አባዬ!» ብሎ ተነሳ። ቫርባን በአጠገቡ አልፎ ወጣ፤ ልጁም ተከተለው። ደጅ ከቆመው ጥቁር መኪና ጎማ ፊት ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰሰ፤ ወታደር ሲሸኝ፣ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ እንደሚደረገው።

«በል፣ መንገድህ ይቅና» አለው። ያን ቀን ለልጁ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ልጁ አፈር ላይ የሚሄደውን ውሃ እያየ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

በማግሥቱ ቫርባን ከሽማግሌዎቹ ጋር ወረዳ ሄዶ በመጨረሻው ዲቪዚዮን፣ ከታች ከታች፣ አራሽ የሚባል ቡድን አስመዘገበ። እሁድ ከተማው ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሲቀርጽ፣ እሱ ኖራ በጥብጦ የመንደሩን ሜዳ መስመር አሰመረ። ገመዱን የያዘው ባይ ሚንቾ ስለነበር መስመሩ ትንሽ ጠመመ። አመሻሽ ላይ የታጠበ ቡናማ ማሊያ የለበሱ ሰዎች መጡ፤ አሥራ አንድ አልሞሉም። ቫርባን ከእግራቸው ፊት ውሃውን አፈሰሰ። ደረቁ መሬት ወዲያው ጠጣው።

ተመልሶ ሁለተኛ ባልዲ ቀዳ።