የማትታየዋ ጓደኛ

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስንመጣ ከፊቴ የተቀመጠች እናት አጠገቧ ያለችውን ነርስ ታማክራለች።

«ሲስተር፣ የአምስት ዓመቷ ልጄ ሰው በሌለበት ድምፅ ትሰማለች። የማትታይ ጓደኛ አለችኝ ትላለች። ጨንቆኛል።»

«ድምፁ ያስፈራታል?»

«ኧረ የምትቆጣው እሷ ናት!»

«ራስሽን ጉጂ፣ ሰው ምቺ ይላታል?»

«እግርሽን አትታጠቢ ይላታል አሉ።»

«ትበላለች? ትተኛለች?»

«የጓደኛዋን ድርሻ ጨምራ ትበላለች።»

«ከልጆች ጋርስ ትጫወታለች?»

«ሰፈሩን ስታምስ ነው የምትውለው።»

«እንግዲያ ሸጋ ነው፣ የልጅ ጨዋታ ነው። ካስፈራት፣ ክፉ ነገር ካዘዛት፣ እንቅልፍና ጨዋታ ከነሳት ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይዘሻት ነይ።»

«አባቷ ግን ጸበል ካልወሰድናት ብሎ አስጨነቀኝ።»

«ምነው?»

«የንስሐ አባታችን ቤታችን ቢመጡ፣ ‹ጓደኛዬ አባትሽ በጾም ወተት ጠጣ አለችኝ› ብላ ነገረቻቸው።»

«ጠጥቶ ነበር?»

«ወተቱ ከጢሙ ላይ ገና አልደረቀም ነበር።»

«እንግዲያ ወደ ጸበል የምትወስጂው እሱን ነው።»

እኔም ከኋላ ሆኜ ሳላስበው ጢሜን በመዳፌ ጠረግሁ።