ከትራሷ ሥር ያለው ቢላ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ አጠገቡ ለተቀመጡት አሮጊት የሚስቱን ነገር ያወራላቸዋል።

«ከወለደች ወዲህ ታለቅሳለች፣ እማማ። ልጁን ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች።»

«እንቅልፍስ?»

«ወላሂ ዓይኗን አትከድንም። እናቴ ጂን ነው ብላ ከትራሷ ሥር ቢላ አድርጋላታለች።»

«ለእኔም ስወልድ አድርገውልኝ ነበር።»

«ታዲያ ጂኑ ለቀቀዎት?»

«ምን ጂን አለ! አራስን የሚይዝ የጭንቀት በሽታ ነው። ልጄን ሲይዛት ሐኪም ነገረን፤ ታክማ ዳነች። በእኔ ጊዜ ማን ይንገረኝ?»

«ቢላውስ?»



«ብቻዬን ስሆን እያወጣሁ አየው ነበር።»

አሮጊቷ ቀጠሉ፦

«አሁን ማን አለ ከእሷ ጋር?»

«ማንም የለም። እናቴ ገበያ ወጥታለች።»

«በል ተመለስ። መጀመሪያ ቢላውን አንሳ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ውሰዳት።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራህ የትም አይሄድም።»

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

«አብሽር ልጄ፣ ትድናለች» አሉት ሲወርድ።

እኔም ኮምቦልቻ እስክንደርስ፣ ወደ ደሴ የሚወጣውን ሚኒባስ ሁሉ ለእሱ የሚሆን ባዶ ወንበር ይኖረው እንደሆነ በመስኮት እያየሁ ሄድኩ።