ጉርሻዬን የጎረሰችልኝ አክስቴ

ሞጣ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር ቃር ጉሮሮዬን ሲያቃጥለኝ ዓመታት አለፉ፤ ተልባውም ፌጦውም አልረዳኝም። በኋላ ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም፣ «ደረትህንና ሆድህን የሚለየው ጡንቻ ቀዳዳው ላልቶ ጨጓራህ ወደ ላይ ሾልኳል፤ ወደ ቦታው መልሰን ቀዳዳውን በስፌት እናጠብበዋለን» ሲለኝ፣ ሥራዬ ነውና ወዲያው ገባኝ።

ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ጭንቅ መጣ። ለጊዜው ከአጥሚትና ከሾርባ በቀር ምንም እንዳልቀምስ ተከልክያለሁ፤ ጠያቂው ደግሞ ዶሮ ወጡን ይዞ፣ ጉርሻውን ጠቅልሎ «በሞቴ!» ይለኛል። ልታስታምመኝ ከቢቸና የመጣችው አክስቴ ዋናዋ አጉራሽ ነበረች። «አክስቴ፣ እሱን ከዋጥኩ እኮ ስፌቱ ይተረተራል» አልኳት። ፊቷን አዞረች፤ የተቀየመችኝ መሰለኝ። ወዲያው ጎረቤቴ ጉርሻ ይዛ ስትጠጋኝ ግን አክስቴ እጇን ያዘችና፣ «በሞቴ፣ ልጄን ተይልኝ!» አለቻት። የተጠቀለለ ጉርሻ አይመለስምና ራሷ ጎረሰችው። ከዚያ በኋላ የመጣውንም ሁሉ እንዲሁ።

የዚያ ሐኪም እጅ ይባረክ፣ ዛሬ እንደ ልቤ እያጎነበስኩ እሰፋለሁ። አክስቴን ግን ወደ ቢቸና ስሸኛት፣ መናኸሪያው ላይ ደረቷን እያሻሸች፣ «አንተስ እንኳን ዳንክልኝ፤ ቃሩ ግን ወደ እኔ ዞሯል» አለችኝ።