ነጩ መስመር

(ደብረ ብርሃን፣ ሰኞ ጠዋት። ይርጋ ፒካፑን በአበልጁ በዘለቀ ጋራዥ በር ላይ አቁሟል፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ዘለቀ መካኒክ ነው፤ የይርጋን ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው።)

ይርጋ፦ ጎማ ነው አትበለኝ! ጎማ ሲሆን የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ብለህ ያስተማርከኝ ራስህ ነህ። መሪው ጸጥ ብሏል። የሚንቀጠቀጠው መቀመጫዬ ነው።

ዘለቀ፦ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋና ውረድ። በእኛ መሀል ሰላምታ እንኳ ቀረ?

ይርጋ፦ ሰላም ቢኖር ሰላምታ አይጠፋም ነበር። ማርሽ አስገብቼ ስነሳ ከሥር «ቋ!» ይላል። ፍጥነት ስጨምር ወለሉ ይንዘፈዘፋል። ፍሪሲዮን ቀይርልኝ አልኩህ እንጂ በሽታ ጨምርልኝ አልኩህ?

ዘለቀ፦ ያረጀ መኪና ነው፤ አንዱን ስታክምለት ሌላው ያመዋል።

ይርጋ፦ እኔ ቤት ጤነኛ ነበር። አንተ ግቢ አድሮ ነው የታመመው።

ዘለቀ፦ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም። እኔ የነካሁት ፍሪሲዮኑን ብቻ ነው።

ይርጋ፦ ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮ ይወርዳል። ካምቢዮ ለማውረድ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ሻፍት ይፈታል።

ዘለቀ፦ ይፈታል፣ ይገጠማል። ታዲያ ምን ይጠበስ?

ይርጋ፦ ዛሬ ማለዳ ሥሩ ገብቼ አየሁት።

ዘለቀ፦ ማን ግባ አለህ?

ይርጋ፦ የገዛ መኪናዬ ሥር ለመግባት ላስፈቅድህ ነው? ሻፍት ሲፈታ አቅጣጫው እንዳይሳሳት ምልክት ይደረግበታል ብለኸኝ፣ ዓምና በነጭ ቀለም መስመር አሰመርንበት። ቆርቆሮውን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። የት ሄደ መስመሩ?

ዘለቀ፦ ጭቃና ዝናብ አጥቦት ይሆናላ።

ይርጋ፦ ጭቃና ዝናብ ብየዳም ይችላል? መሀሉ ላይ እንደ ጠባሳ ያበጠ ብየዳ አለበት።

ዘለቀ፦ ሥሩ ጨለማ ነው፤ ዓይንህ ነው። እመነኝ አበልጄ፣ ሻፍቱ ምንም አልሆነም። ጎማውን ባላንስ አሠራው፣ ይለቅሃል።

ይርጋ፦ በያፌት ማልልኝ። ክርስትና ባነሳኸው ልጅ።

ዘለቀ፦ ለብረት በልጅ ይማላል? ቃሌ አይበቃህም?

ይርጋ፦ ... እሺ፣ ይበቃኛል። ተውኩት። ነገ ደብረ ሲና አማቴ ቤት ዝክር አለ፤ ምንም አልሆነም ካልክ የጣርማ በርን ቁልቁለት በዚሁ መኪና እወርዳለሁ።

ዘለቀ፦ ውረድ። ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ።

ይርጋ፦ ሴቶች ጭኜ ምን አስቸኮለኝ?

ዘለቀ፦ የትኞቹ ሴቶች?

ይርጋ፦ ሚስቶቻችን፣ ብርቄና አስናቀች።

ዘለቀ፦ የኔ አስናቀች?

ይርጋ፦ ሌላ አስናቀች አለችን እንዴ? ብርቄ ዛሬ ጠዋት ጠርታት እሺ ብላለች።

ዘለቀ፦ ለኔ አልነገረችኝም።

ይርጋ፦ ማታ ስትገባ ትነግርሃለች። ጋቢና ነው የማስቀምጣት፣ አታስብ።

ዘለቀ፦ በአውቶቡስ ትሂድ።

ይርጋ፦ ቦታ ሞልቶ?

ዘለቀ፦ በዚህ መኪና አትሄድም አልኩህ!

ይርጋ፦ ባላንስ ብቻ ነው የጎደለው አላልከኝም?

ዘለቀ፦ ይርጋ... ያ ብየዳ ቁልቁለት ላይ ከለቀቀ ሻፍቱ ወርዶ አስፋልቱን ይወጋል። መኪናውን ሊገለብጠው ይችላል።

ይርጋ፦ የኔ ሻፍት የት ነው?

ዘለቀ፦ ተውሼው ነው። አንድ ባለሆቴል ሙሽራ ሊያመጣ ሲል ሻፍቱ ተሰበረበት፤ መኪናው ካንተው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ያንተ ደግሞ ቆሞ ነበር፤ ያንተን ለሱ፣ የሱን ስባሪ በይጄ ላንተ ገጠምኩ። የጋራዥን ነገር ታውቃለህ፤ ከቆመው ተፈትቶ ለቸኮለው ይገጠማል፣ ኋላ ይመለሳል።

ይርጋ፦ ግቢህ ውስጥ የቆመው የኔ ብቻ ነበር?

ዘለቀ፦ ሌሎችም ነበሩ።

ይርጋ፦ ታዲያ ለምን የኔ?

ዘለቀ፦ ሌላው ሰው ጎንበስ ብሎ ያያል። አንተ... አታይም ብዬ ነው።

ይርጋ፦ ስለምታምነኝ ነው በለኛ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ባዕድ ቢያደርገው ሰድቤው እገላገል ነበር፤ አንተን ምን ብዬ ልሳደብ? አመመኝ፣ ዘለቀ። እዚህ ጋ አመመኝ።

ዘለቀ፦ ጥፋት ነው፤ ጥፋቴ ነው። አሁኑኑ ሄጄ ሻፍትህን አስፈትቼ አመጣለሁ። አስናቀች ብቻ እንዳትሰማ። ለነገው ጉዞ ሌላ መኪና እፈልግላችኋለሁ።

ይርጋ፦ የነገ ጉዞ የለም። አስናቀችንም የጠራት የለም።

ዘለቀ፦ ዝክሩስ?

ይርጋ፦ ዝክሩ ትናንት ነበር። ጣርማ በርን የወረድኩት በዚሁ መኪና ነው፤ ያፌት ከኋላ ተቀምጦ «አባዬ፣ ለምንድነው የሚንቀጠቀጠው?» ሲለኝ፣ «አይዞህ፣ የክርስትና አባትህ ነው የሠራው» አልኩት።