አባ ላእከ የገቡባት ቤተልሔም

አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ጨዋታ የምትሰጠው ጊዜ አይባክንብህም፤ ይህን እኔ ቃል እገባልሃለሁ። ተራኪው አባ ላእከ ናቸው። የሚኖሩት ከሞጣ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ነው፤ የተወለዱት ግን እዚሁ ቢቸና ነው። በሕይወት የቀረቻቸው አንዲት እህት ነበረች፤ እሷም ዘንድሮ አረፈችና ለተዝካሯ መጡ። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ እኛን የሰንበት ተማሪዎችን ሰብስበው ያጫወቱንን በስልኬ ቀድቼ እንዳለ ገለበጥኩት። ድምፃቸው የሻከረና ዝቅ ያለ ስለሆነ ጠጋ ጠጋ ብለን ነበር የምንሰማቸው።

"በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ 'ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ' ብሎ የሚጠይቅ የለም። አባትህ ይወስናል፣ ድምፅህ ይወስናል፣ አለቀ። እና የእኔን ድምፅ ሰምቶ ነው አባቴ ከዚህ ከቢቸና ሞጣ ዜማ ቤት የላከኝ። ድምፄ፣ አሁን ይህን ስንጥቅ ገል የመሰለውን አትዩት፣ ያኔ ሌላ ነበር። ሴቶቹ ከወንዝ ሲመለሱ እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመው ይሰሙኝ ነበር። ሰማችሁ? ውሃ የሞላ እንስራ አዝሎ መቆም ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ሐሳቤ ምን ነበር? ዲቁናውን ይዣለሁ፣ ዜማውን እጨርሳለሁ፣ ቤተልሔም ሄጄ አስመሰክራለሁ፣ ተመልሼ ወንበር ዘርግቼ አስተምራለሁ፣ ጥሩነሽን አገባለሁ። ጥሩነሽ የዚያው የሞጣው ሰው የአቶ እንየው ልጅ ናት፣ ታጭታልኝ ነበር።"

(ለማያውቅ ላስረዳ፦ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተምሮ የጨረሰ ሰው መምህር ለመባል ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም ወደምትባለው ደብር ሄዶ ይፈተናል። ማስመስከር የሚባለው ይህ ነው። ለዜማ ተማሪ የሕልም ሁሉ ጫፍ እዚያ ነው።)

"እና አንድ ክረምት ጉሮሮዬን ያዘኝ። ትኩሳት፣ እብጠት፣ ምራቄን እንኳ መዋጥ አቃተኝ። ጠበል ጠጣሁ፣ ሐኪም ቤትም ወሰዱኝ። ታዲያ ሕመሙ ሲለቀኝ ድምፄን ይዞት ሄደ። አፌን ስከፍት የሚወጣው ምን ይመስላል መሰላችሁ? የዛገ በር። ዘውዴ የሚባል አንድ ምላሰኛ ተማሪ ነበር፣ 'አይዞህ ላእከ፣ አንተማ ዝምታ ታስመሰክራለህ' አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። መሳቄን ግን ማንም አልሰማው።

ወዲያው አቶ እንየው ሽማግሌ ላኩ። 'እኛ የሰጠናት ለመሪጌታ ነበር' አሉ። አልፈርድባቸውም፣ ልጅን ለሚያኖራት መስጠት የአባት ወግ ነው። ጥሩነሽ የጁቤ ከተማ ተዳረች። ሠርገኛው በዜማ ቤቱ በር ሲያልፍ እኔ ጎጆዬ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ፣ ዘፈኑ ይሰማኛል። እና ከሁሉ ያንገበገበኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተቀባዮቹ ዜማውን መሳታቸው። አርሜ እንዳላወጣላቸው ድምፅ የለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጉባኤው ላይ ከኋላ እቀመጣለሁ። ጓደኞቼ ያዜማሉ፣ እኔ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ታዲያ አንድ ቀን የኔታ ጠሩኝ። የኔታ ማለት መምህራችን ናቸው። አዩኝ፣ አዩኝና 'ላእከ፣ ምን ያስተክዝሃል? አንተ እኮ ቤተልሔም ትገባለህ' አሉኝ።

እናንተዬ፣ ምድር አልበቃኝም። የኔታ የአንደበታቸውን ቃል አያጥፉም፣ ድምፄ ሊመለስ ነው ማለት ነው። እህቴ፣ ይህችው ነፍሷን ይማርና፣ ከቢቸና በሶ ላከችልኝ። ደበሎዬን አራገፍኩ፣ አኮፋዳዬን ጠቀምኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ 'ጋይንት ልሄድ ነው' እለዋለሁ። እና ስንቄን አንግቼ ልሰናበት ገባሁ።

'የኔታ፣ ይባርኩኝ፣ መንገድ ልጀምር ነው።'

'ወዴት ነው ልጄ?'

'ቤተልሔም።'

በሶዬን አዩት። 'ለዚያች መንገድ ይህ ሁሉ ስንቅ? ሳይርብህ ትደርሳለህ' አሉና በጭራቸው ጠቆሙኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ያለችው ያቺ ትንሽ ጎጆ ናት። በክዳኗ መሀል ጭስ ይወጣል።"

(እዚህ ላይ ነው እኔም የገባኝ። በየደብሩ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርባት ቤትም ስሟ ቤተልሔም ነው። ዲያቆናትና ካህናት ካልሆኑ ማንም አይገባባትም። የቅኔ አገር ሰው አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ሲያስቀምጠው እንዲህ ነው፤ ሰሙን የያዘ ወርቁ ያመልጠዋል።)

"አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም። መምህሬ የዘበቱብኝ መሰለኝ። እጃቸውንም ሳልስም ወጣሁ። የት ልሂድ? ቢቸና አልመለስም፣ አባቴ ዓይኑን መንገድ ላይ ተክሎ መሪጌታ ልጁን ይጠብቃል። ደጀን እወርዳለሁ፣ ከጭነት መኪና ጆንያ አወርዳለሁ፣ ጆንያ ድምፅ አይጠይቅም አልኩ። እና አስፋልት የሚባል ነገር ባልነበረበት በዚያ ኮረኮንች ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በጉንደ ወይን በኩል የሚወርድ መኪና ስጠብቅ፣ አባ ተክሌ በምርኩዝ እየተጎተቱ መጡ። አባ ተክሌ የቤተልሔሟ ሠራተኛ ናቸው። እጃቸው በቁርጥማት ተጣሞ የዶሮ እግር መስሏል።

'ልጄ ላእከ፣ ነገ ቅዳሴው ሊታጎል ነው' አሉኝ።

'ለምን ይታጎላል?'

'እጄ ሊጥ እምቢ አለኝ። ኅብስት ከሌለ ምኑ ይቀደሳል?'

'ሌላ ዲያቆን የለም?'

'ሞልቷል። ግን ሁሉም ማዜም ይፈልጋል። እዚያ ጭስ ውስጥ ማን ይገባል?'

ታዲያ በዚህ መሀል መኪናው መጣ። ሹፌሩ ቀነስ አደረገና 'ዲያቆን፣ ትሄዳለህ አትሄድም?' አለኝ።  አባ ተክሌ ቢለምኑኝ እሄድ ነበር፣ እውነቴን ነው። አልለመኑኝም፣ እጃቸውን ብቻ ደብቀው ቆሙ። እና ለሹፌሩ 'ሂድ፣ እኔ ነገ እመጣለሁ' አልኩት። ለአባ ተክሌም 'ለዛሬ ብቻ' አልኳቸው።

ገባሁ። እዚያ ቤት ወሬ የለም፣ ዘፈን የለም፣ ማንም አያይህም። ስንዴው ተለቅሞ፣ ውሃው ተቀድቶ ቆይቷል። አባ ተክሌ በር ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው ያሳዩኛል፣ እኔ አቦካለሁ። ሳቦካም ዜማው ያለ ድምፅ በልቤ መጣ። ከታመምኩ ወዲህ ያን ቀን ገና ሳልሰብረው እስከ መጨረሻው አልኩት። ማንም አልሰማም። ለካ የሚሰማው አንዱ ብቻ ነው።

በነጋታው፣ እሑድ፣ ኅብስቱን በመሶበ ወርቅ ተሸክሜ ወጣሁ። ከፊቴ ቃጭል ይመታል፣ ሕዝቡ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይሰግዳል። አቶ እንየውም ከፊት ነበሩ፣ ሰገዱ። ለእኔ አይደለም፣ ለእኔማ ማን ይሰግዳል። ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ የሚያዜመው ቢስት ሌላው ያቃናዋል፣ ያቺ ጎጆ ጭስ ያላወጣች ዕለት ግን ቅዳሴም የለ። እና ሰኞ መኪናው መጣ፣ ሄደ። ያ 'ለዛሬ ብቻ' ያልኩት ይኸው እስካሁን አላለቀም።

ኋላም ሳላገባ መነኮስኩ። ብቸኝነቱ ለቀቀህ ወይ ካላችሁኝ፣ አለቀቀኝም። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ እኔ ወደ ማን እገባለሁ? አሁን ደግሞ እህቴም ሄደች፣ ቢቸና የሚጠራኝ ሰው የለም። ግን ለብቸኝነቴ እግዚአብሔር ሥራ ሰጠው። ሥራ ያለው ብቸኝነትና ሥራ ፈት ብቸኝነት አንድ አይደሉም፣ ልጆቼ።"

ከመካከላችን አልማዝ የምትባል፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ ዓመቱን ሙሉ ከቤት ያልወጣች ልጅ አለች። "አባ፣ ግን ያን ጊዜ ድምፅዎ ቢመለስ ኖሮ ጋይንት ይሄዱ ነበር?" አለቻቸው።

አባ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው ሳቁ። "በሩጫ እንጂ! ውሸት ምን ያደርግልኛል? ዛሬም ቢመለስ ልቤ ይነሣል። ግን 'ማለዳ ሊጡን ማን ያቦካል?' ብዬ እቀመጣለሁ። አንቺም ልጄ፣ የሄደውን መኪና አትቁጠሪ። ሰው የማይገባበት፣ ግን ባይሠራ ሁሉም የሚጎድልበት አንድ ነገር በሰፈርሽ አይጠፋም። ለዛሬ ብቻ ብለሽ ግቢበት። እናንተም ሁላችሁ ሞክሩትና ሞጣ መጥታችሁ ንገሩኝ። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ።"